አፕሌ ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ ከመርጨቴ በፊት ምከሩኝ

የጓሮ አፕል (ጨንቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጨንቻ ዙሪያ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ የአፕል ዛፎች አሉኝ። አብዛኞቹ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው፤ ጥቂት ጋላም አለ። የልጆቹ ደብተር፣ ማዳበሪያው፣ የበዓሉ በግ ሳይቀር ከነሱ ነው የሚወጣው። ዘንድሮ ግን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ።

አንደኛው ቅጠሉና ፍሬው ላይ ነው። ቅጠሉ ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። ፍሬው ላይም ያው ነጠብጣብ ይወጣና ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ነጋዴዎቹ «ይሄማ እከካም ነው» ብለው በግማሽ ዋጋ ነው የሚጠይቁኝ። ሁለተኛው አዲሱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ነጭ ነገር ነው። ሦስተኛው ግንዱ ላይ ነው፤ በተለይ ተገርዞ ቁስል በቀረበት ቦታ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። በጣት ሲጨፈለቅ ቀይ ፈሳሽ ይወጣዋል።

አንዱ ጎረቤቴ ማላታዮን በየሳምንቱ ርጭበት ይለኛል። ሌላው ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ይላል። ሁለቱን ደባልቅ ያለኝም አለ። ገንዘቡ ለእኔ ቀላል አይደለም። ልጆቼ ዛፉ ሥር ነው የሚውሉት። የንብ ቀፎም አለኝ። ከየት ልጀምር?

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

ሰላም ወንድሜ። ያየኸውን በደንብ ስለገለጽከው ሥራውን አቀለልከው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሦስቱም የሚሆን አንድ መድኃኒት የለም።

እከኩ ስካብ የሚባለው በሽታ ነው። ፈንገስ ነው። ነጩ ዱቄት ፓውደሪ ሚልዲው ነው፤ እሱም ፈንገስ ነው፣ ጠባዩ ግን ከስካብ ይለያል። ጥጥ የመሰለው ነፍሳት ነው፤ ጥጥ ለባሽ የአፕል ክሽክሽ እንበለው። ጥጡ ራሱ ከገላው የሚያወጣው ሰም ነው። ሲጨፈለቅ ቀይ የሚወጣው ደግሞ መለያው ነው፤ ካየኸው ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

እንግዲህ ማላታዮን የነፍሳት መርዝ ነው። ስካብን አይነካውም፣ ዱቄቱንም አይነካውም። በየሳምንቱ ብትረጨው እከኩ እንዳለ ይቀጥላል፣ ንቦችህ ግን ይሞታሉ። ክሽክሹን የሚበሉልህ ጥንዚዛዎችም አብረው ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ይህን ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ገበሬው «መድኃኒቱ ሰነፈ» ይልና መጠኑን ይጨምራል። መድኃኒቱ ግን መጀመሪያውኑ ለዚያ በሽታ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ ምንም አትግዛ። ሁለት ነገር አይተህ ንገረኝ። አንደኛ፣ ነጠብጣቡ ያለው አዲስ ቅጠል ላይ ነው ወይስ የቆየው ላይ? ሁለተኛ፣ ጥጡን በእንጨት ጫፍ ገለጥ አድርገህ ከሥሩ ጥቁር ሆነው የደረቁ፣ ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው ክሽክሾች እንዳሉ ተመልከት። ብርሃን ባለበት ሰዓት እይ፤ ጥቃቅን ናቸው።

እትዬ ደጌ (ደብረ ብርሃን)

እኛም ጋ ነጩ ዱቄት አለ ልጄ። እከኩ ግን ብዙም አያስቸግረን። የእኛ ብርድ ደረቅ ስለሆነ ይሆን? በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ አዲሱን ቀንበጥ ያቃጥለዋል እንጂ ጭጋጉ እንደ ጨንቻ አይደለም።

እኔ አመድ እነሰንስበታለሁ። የላም ሽንትም በውሃ አቅጥኜ እረጫለሁ። ወተት በውሃ ቀጥኖ ይጠቅማል የሚሉም አሉ። ባለሙያዋ ምን ትያለሽ?

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

እትዬ፣ ያስተዋሉት ትክክል ነው። ስካብ ያለ ውሃ አይሠራም። ቅጠሉ ላይ የወደቀው የፈንገስ ዘር እንዲበቅል ቅጠሉ ሳይደርቅ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። አየሩ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን 9 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ቀዝቀዝ ሲል፣ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ 14 ሰዓት ይፈልጋል። ጨንቻ ላይ ጭጋጉ ከማታ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ ዝናብ ባይኖር እንኳ ቅጠሉ እርጥብ ነው። ከተበከለ በኋላ ነጠብጣቡ ለዓይን የሚታየው ከ9 እስከ 17 ቀን ቆይቶ ነው። ገበሬው «ዛሬ ወጣ» የሚለው ነጠብጣብ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባ ነው ማለት ነው።

ነጩ ዱቄት ግን በተቃራኒው የውሃ ጠብታ አይፈልግም። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ይበቃዋል። እንዲያውም ከባድ ዝናብ ያጥበዋል። ስለዚህ ክረምት የስካብ ጊዜ ነው፤ በጋ፣ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ጤዛ ሲሆን፣ የዱቄቱ ጊዜ ነው። ይህን የያዘ ሰው መቼ የቱን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

አመዱን በተመለከተ፣ ቅጠል ላይ መነስነስ በሽታውን አያቆመውም። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ግን፣ የጨንቻም ደጋ እንደዚያ ነው፣ ጥቂት አመድ ግንዱ ዙሪያ አፈር ውስጥ መቀላቀል ለዛፉ ይጠቅማል። ሽንቱ ናይትሮጂን ነው። ከበዛ ለምለም ቀንበጥ ያወጣል። ዱቄቱም ክሽክሹም የሚወዱት እሱን ለምለም ቀንበጥ ነው፤ ስለዚህ ይቀንሱት። ወተት ዱባና ወይን ላይ ተሞክሮ ይህንኑ ዓይነት ዱቄት ቀንሷል፤ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው የሚደረገው። ላም ካለዎት በአንድ ዛፍ ሞክረው ቢያዩት ጉዳት የለውም።

ዋናው ግን መቀስ ነው። የዱቄቱ ፈንገስ ከዓመት ዓመት የሚሻገረው እምቡጥ ውስጥ ተደብቆ ነው። እምቡጡ ሲፈነዳ ቀንበጡ ብርማ ነጭ ሆኖ፣ ቅጠሉ ጠቦና ተጣጥፎ ይወጣል። ያንን ቀንበጥ እንዳዩት ከጤነኛው ክፍል ጭምር ዝቅ ብለው ይቁረጡትና ከረጢት ውስጥ ይክተቱት። መሬት ላይ አይጣል፣ ዛፉ ላይም አያራግፉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሦስት በየአራት ቀኑ አንድ ዙር ማየት ብዙ ርጭት ያስቀራል።

አባ ንቡ (አዊ)

ስለ ቀፎው አንድ ነገር ልበል። አና ብቻዋን አታፈራም፤ ዶርሴት ጎልደን አጠገቧ ሊያብብ ይገባል። የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው የምታመላልሰው ንብ ናት። አበባ ላይ የነፍሳት መርዝ የረጨ ሰው የራሱን ምርት ነው የቆረጠው። ፍሬው ጥቂት ሲሆን፣ ወይም አንድ ጎኑ ጎብጦ ሲያድግ፣ ሰው በሽታ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ንብ በደንብ ስላልጎበኘው ነው።

ከአበባ ውጪም ቢሆን መርጨት ግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ፣ ንቡ ቀፎው ከገባ በኋላ ይሁን። ከዛፉ ሥር ያለው አረም አብቦ ከሆነ መጀመሪያ ይታጨድ፤ ንቡ እሱ ላይም ይውላል። ጎረቤት ሊረጭ ሲልም ለባለ ቀፎ አስቀድሞ መንገር የጉርብትና ወግ ነው።

የጓሮ አፕል (ጨንቻ)

አባ፣ እናመሰግናለን።

እህቴ፣ ያልሽውን አየሁ። ነጠብጣቡ አዲሱም የቆየውም ቅጠል ላይ አለ። በጣም የገረመኝ ግን ባለፈው ዓመት የወጡ ቅጠሎች አሁንም ዛፉ ላይ መኖራቸው ነው። ደርቀው አልወደቁም። እነሱ ላይ ነጠብጣቡ ጥቁር ሆኖ ሞልቷል። አዲሱ ቀንበጥ ከነሱ በታች ነው የሚወጣው።

ጥጡን ገለጥኩት። አብዛኞቹ ሕይወት ያላቸው፣ ወደ ቡናማ የሚያደሉ ናቸው። ሁለት ሦስት ዛፍ ላይ ግን ያልሻቸውን ጥቁሮች አገኘሁ። ጥጥ የላቸውም፣ እንደ ቅርፊት ደርቀዋል፣ ጀርባቸው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። ጉንዳንም ሲመላለስ አየሁ።

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

በጣም ጥሩ አይተሃል። ሁለቱም ቁልፍ ናቸው።

ከቅጠሉ ልጀምር። አፕል የመጣው ክረምቱ በረዶ ከሆነ አገር ነው። እዚያ ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይረግፋል፣ ዛፉ ይተኛል፣ በጸደይ አንድ ላይ ይነቃል። እኛ ጋ ብርዱ ያንን ያህል ስላልሆነ ዛፉ በደንብ አይተኛም። የቆየው ቅጠል ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አዲሱ ከሥሩ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ከላይኛው በሽተኛ ቅጠል ላይ ያለው የስካብ ዘር እየታጠበ በታችኛው ለጋ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ለጋ ቅጠል ደግሞ ለስካብ በጣም ተጋላጭ ነው፤ ሲጠነክር ነው የሚቋቋመው። ስለዚህ ያንተ ጓሮ ውስጥ በሽታው እረፍት የለውም። ዓመቱን ሙሉ አለ።

እኔ በደጋችን የአፕል በሽታ መከላከል መጀመር ያለበት ከዚህ ነው እላለሁ፤ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ምሥራቅ ጃቫ ባቱ የሚባል ቦታ፣ ገበሬዎች ለቀማ ካለቀ ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ ቅጠሉን ሁሉ በእጃቸው ያራግፋሉ። እዚያ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ዛፉ ግን ቅጠሉን ሲያጣ እምቡጡ አንድ ላይ ይነቃል፣ አበባውም አንድ ላይ ይወጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለቅሙት በዚህ ነው። እኛ ጋ ጥቅሙ እጥፍ ነው። አበባው አንድ ላይ ይወጣልሃል፣ የስካቡም ምንጭ ከዛፉ ይወርዳል።

እንዴት? ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ቆሞ ብርዱ ሲጠነክር፣ ብዙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው። በቅጠሉና በቅርንጫፉ መካከል ያለችው እምቡጥ እንዳትነቀል ተጠንቀቅ፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ እሷ ውስጥ ነው። ከፈራህ የቅጠሉን ዘንግ በመቀስ ቁረጠውና ቁራጩ በራሱ ይውደቅ። ገና ያልጠነከረ ችግኝንና ውሃ የጠማውን ዛፍ አትንካ። ያራገፍከውን ቅጠል ሰብስበህ ቅበረው፣ ወይም በደንብ የሚሞቅ ኮምፖስት ውስጥ ክተተው። መሬት ላይ የቀረውንና መልቀም ያልቻልከውን በዩሪያ ውሃ አርከፍክፍበት፤ 500 ግራም በ10 ሊትር ውሃ። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ፈንገሱም አብሮ በጣም ይቀንሳል።

ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ዛፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ ግረዘው። የተጠላለፈውን፣ ወደ ውስጥ የሚያድገውን አውጣ። መሀሉ ክፍት ይሁን። ፀሐይና ነፋስ መሀል ከገባ ጭጋጉ ሲነሣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ሰዓቱን አስታውስ። የእርጥበቱን ሰዓት ያሳጠረ ስካብን አሳጠረ። መቀሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ በአልኮል ጥረገው። በዝናብ ቀን አትግረዝ።

የጓሮ አፕል (ጨንቻ)

ሠላሳ ዛፍ ቅጠል በእጅ ማራገፍ ከባድ ነው። ግን ከመርዙ ዋጋ ጋር ሳስተያየው ይሻለኛል። ልጆቹም ያግዙኛል። ያረገፍኩትን ቅጠል ለበጎቼ ብሰጣቸውስ? ያ ሁሉ ቅጠል ከሚቀበር።

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

በጓ ቅጠሉን መብላቷ አይጎዳትም፤ ስካብ የዛፍ በሽታ ነው። የበላችው ቅጠል ደግሞ ጠፋ ማለት ነው። ነገር ግን ዛፉ ላይ ባለፉት ወራት ምንም አለመረጨቱን እርግጠኛ ሁን። ኮፐር፣ ማለትም መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት፣ የተረጨ ከሆነ ፈጽሞ እንዳትሰጣት። በግ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ለኮፐር እጅግ ስስ ናት። ጉበቷ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና አንድ ቀን ድንገት ትወድቅብሃለች።

አሁን ወደ ክሽክሹ። ጥቁር ሆነው የተቀደዱትን ያደረገቻቸው አፌሊነስ ማሊ የምትባል ጥቃቅን ተርብ ናት። ከዝንብ በጣም ታንሳለች። እንቁላሏን ክሽክሹ ውስጥ ትጥላለች፣ ልጇ ከውስጥ ትበላዋለች፣ ሲደርስላት ጀርባውን ቀዳ ትወጣለች። ያ ክብ ቀዳዳ የመውጫዋ በር ነው። ይህች ተርብ ለዚሁ ክሽክሽ ተብሎ ከአሜሪካ ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደች ናት። አንተ ጓሮ ውስጥ ያለ ደመወዝ እየሠራችልህ ነው። ማላታዮን ከረጨህ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ናት፤ ክሽክሹ ሰም ለብሷል፣ እሷ አልለበሰችም።

ስለዚህ ጥቁሮቹ ያሉበትን ዛፍ ተወው። ጥቁር የሌለበትን ደግሞ በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈትገው። ለ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ቅጠል ያቃጥላል። የምትችል ከሆነ ጥቁሮቹ ያሉበትን ትንሽ ቀንበጥ ቆርጠህ ተርቧ ወደሌለችበት ዛፍ እሰረው። ጉንዳኑን ግንዱ ላይ አግደው። ጉንዳን የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ እንደ እረኛ ይጠብቀዋል፣ ጠላቱን ያባርርለታል። ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልለህ ፕላስቲኩን ግሪስ ቀባው። ግሪሱ ልጡን እንዳይነካ።

አንድ ነገር ግን አለ። ይህ ክሽክሽ ሥር ላይም ይኖራል። ሥሩ ላይ እብጠት ይሠራል፣ ከዚያ እየወጣ ወደ ላይ ይመለሳል። ችግኞችህ በምን ላይ ነው የተዳቀሉት?

ችግኝ አባዢ (ዶርዜ)

ይህን እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነው። ከታች ያለው ሥር፣ ሩትስቶክ የምንለው፣ ኤምኤም 106 ወይም ኤምኤም 111 ከሆነ ጥጥ ለባሹ ሥሩን አይደፍረውም። እነዚህ እንግሊዝ አገር ለዚሁ ክሽክሽ ተብለው የተዳቀሉ ናቸው። ኤም 9 እና ኤም 26 ግን አይቋቋሙትም። ሰው ችግኝ ሲገዛ «አና ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከታች ያለውን አይጠይቅም። ያንን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙ።

ኤምኤም 106 ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ የግንዱ ሥር ይበሰብሳል። ልጡ በአፈሩ ልክ ቡናማ ሆኖ ይላላል፣ ቅጠሉ ያለጊዜው ይቀላል፣ ከዚያ ዛፉ ባንዴ ይደርቃል። ማሳው ረግረግ ካለው ቦይ ቆፍራችሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ። የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈር በላይ ይሁን። ግንዱ አጠገብ ፍግ አትከምሩ።

ሌላው፣ ችግኝ ስትገዙ አገላብጣችሁ እዩ። በሽታ ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደው በአብዛኛው በችግኝ ነው። ቋጠሮው ላይ ጥጥ ካለ፣ ሥሩ ላይ እብጠት ካለ፣ ቢረክስም ይቅርባችሁ።

ከገሊላ (እስራኤል)

ሰላም ለሁላችሁ። አና እዚህ እስራኤል የተዳቀለች ዝርያ ናት። ለሞቃት አገር ተብላ፣ ብዙ ብርድ እንዳትጠይቅ ሆና። ስሟን ጨንቻ ውስጥ ሳየው ደስ አለኝ።

እዚህ የአፕል እርሻ ውስጥ ሠርቻለሁ። ትልቁ ጠላት ፍሬ ውስጥ የሚገባው ትል ነው፤ ኮድሊንግ ሞዝ የሚባል የእሳት እራት ልጅ ነው። የሴቷን የእሳት እራት ሽታ የያዘ ትንሽ ማንጠልጠያ በየዛፉ ይሰቀላል። ወንዱ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባዋል፣ ሴቷን ሳያገኛት ይቀራል። ርጭት በጣም ይቀንሳል። ግን ይህ ለትልቅ ማሳ ነው የሚሠራው፤ ሠላሳ ዛፍ ላይ ከጎረቤት እየበረረ ይመጣል። ለትንሽ ጓሮ የሚጠቅመው ፍሬውን ማሳሳት ነው። በአንድ እቅፍ አምስት ስድስት ፍሬ ሲወጣ አንድ ወይ ሁለት ብቻ አስቀሩ። ትሉ ሁለት ፍሬ የሚነካካበትን ቦታ ይወዳል። የቀረውም ፍሬ ይተልቃል። ትል የገባበትን የወደቀ ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ መቅበር ደግሞ አይዘለልም።

የጓሮ አፕል (ጨንቻ)

ትል ብዙም የለብኝም፤ ማሳሳቱን ግን እሞክራለሁ። ፍሬ መልቀም በጣም ነው የሚያሳሳኝ እንጂ።

ኮፐር ያልሽው ነገር እንዴት ነው? ቦርዶ የሚባል በቤት የሚዘጋጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

አለ። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቦርዶ አካባቢ፣ በ1880ዎቹ ለወይን በሽታ ነው የተጀመረው። እስካሁን ይሠራል። ጊዜውን ግን ጠብቅ፤ ቅጠል ረግፎ፣ ግርዛት አልቆ፣ እምቡጡ አረንጓዴ ጫፉን ብቅ እስኪያደርግ ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ቆዳ ላይ ዝገት የመሰለ ሻካራ ምልክት ይተዋል።

ለ10 ሊትር 100 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ 100 ግራም ያልሞተ (ውሃ ያልነካው) ኖራ። ኮፐሩን በፕላስቲክ ባልዲ ከአብዛኛው ውሃ ጋር አሟሟው። በብረት ዕቃ አይሁን፣ ብረቱን ይበላዋል። ኖራውን በሌላ ዕቃ በጥቂት ውሃ ግደለው፤ ይፈላል፣ ፊትህን አርቅ። ሲበርድ ኮፐሩን ወደ ኖራው እያማሰልክ ጨምር። ኖራውን ወደ ኮፐሩ አታድርገው። ከዚያ በጨርቅ አጥልለው። ንጹሕ ቢላዋ ለአፍታ ንከርበት። ቢላዋው ቀይ ቡናማ ሽፋን ይዞ ከወጣ ኖራ ይጎድለዋል፣ ጨምርበት። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። በዚያው ቀን ርጨው፤ ካደረ አይሆንም። ጓንት፣ የዓይን መከለያ፣ ረጅም እጅጌ።

ከዚያ ቅጠሉ ወጥቶ ዝናቡ ከከበደ ማንኮዜብ ሊያስፈልግህ ይችላል። እሱም ሽፋን ነው፤ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ቅጠሉ ላይ ካልተገኘ አይጠቅምም። የገባውን በሽታ አያወጣም። አውሮፓ ኅብረት ለጤና ሲል ፈቃዱን አንስቶታል፤ እኔም የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የምነግርህ። ለዱቄቱ የሚረጭ ሰልፈር ይበቃል። ሰልፈር አንዳንድ ዝርያ ላይ ቅጠል ስለሚያቃጥል መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክር። ፀሐይ ሲከር አትርጭ። ዘይት ነክ ነገር ከረጨህ ሁለት ሳምንት አሳልፍ።

የልማት ሠራተኛ (ሰሜን ሸዋ)

አንድ ልጨምር። የተባይ መድኃኒት በሕግ መመዝገብ አለበት። በማዕድን ውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ገበያ ላይ የሚሸጠውን አትግዙ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንዳለፈበት አይታወቅም። መለያው ላይ ለአፕል የተፈቀደ መሆኑን፣ በ1 ሊትር ስንት እንደሆነ፣ ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም እንደሚቆይ ተጽፏል። ማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ተማሪ ልጅ ያንብብላችሁ። ሁለት መድኃኒት በግምት አትደባልቁ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ የለቀለቃችሁበትን ፓምፑ ውስጥ ጨምሩት፣ ዕቃውን ቅደዱት። ዘይት ወይም ውሃ አይቀዳበት። ፓምፑንም ወንዝ ውስጥ አትጠቡ።

ሥር ቆርጣሚው (ቦንኬ)

ስለ ፍልፈል ማንም አላነሣም! እንሰቱን ጨርሶ ወደ አፕሉ ዞሯል። ሥሩን ከታች ይበላዋል፣ ዛፉ ሲነቀነቅ ነው የምናውቀው።

ችግኝ አባዢ (ዶርዜ)

ወዳጄ፣ ችግኙን ስትተክል ጉድጓዱን በሽቦ መረብ ከበው። ትንንሽ ቀዳዳ ያለው፣ የዶሮ ቤት የሚሠራበት። ላደገው ዛፍ ትኩስ ጉብታ ሲወጣ ቶሎ ወጥመድ ማድረግ ነው። መርዝ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምር፤ የሞተውን ፍልፈል ውሻና ጭላት ይበሉታል።

የጓሮ አፕል (ጨንቻ)

ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋገርን። አጥራችን አንድ ነው፤ እኔ ቅጠሌን አራግፌ እነሱ ካላራገፉ የስካቡ ዘር ተመልሶ እንደሚመጣ አስረዳኋቸው። ማላታዮን ይል የነበረው ጎረቤቴ የተቀደዱትን ጥቁር ክሽክሾች ሳሳየው በጣም ተገረመ። የሱም ዛፍ ላይ ፈለገ፣ አንድም አላገኘም። ቀንበጥ ቆርጬ ሰጠሁት። ዝናቡ እንዳቆመ ደቦ ጠርተን የሦስታችንንም ጓሮ ተራ በተራ እናራግፋለን። ቦርዶውንም አንድ ላይ እናዘጋጃለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቦርዶ ከረጨን በኋላ ዛፉ ሥር ያለው ሣርስ? በጎቹ እዚያ ነው የሚግጡት።

የደጋ ፍሬ ባለሙያ (ሆለታ)

ከመርጨታችሁ በፊት ሣሩን አጭዳችሁ አውጡት፤ ያ ንጹሕ ነው፣ ይብሉት። ከተረጨ በኋላ ግን በዚያ ወቅት ከዛፉ ሥር አይግጡ፣ ታጭዶም አይሰጣቸው። ከላይ የሚንጠባጠበው ኮፐር ሣሩ ላይ ነው የሚያርፈው። አጥር ማድረግ ካልቻላችሁ በጎቹን ሌላ ቦታ እሰሩ። የሚቀጥለው ሣር ከዝናቡ በኋላ አዲስ ሲበቅል ያኔ ጠይቀኝ፤ ስንት ጊዜ እንደረጫችሁና በምን መጠን እንደሆነ ጽፈህ ያዝልኝ።